ቪዲዮው የሚያስተምረው ሲቆም ነው

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 25 ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ ሳያቋርጥ የሚያጫውት መምህር ክፍሉን ጸጥ ያሰኝ ይሆናል እንጂ አያስተምርም። ተማሪው ዓይኑን ከምስሉ አይነቅልም፤ "ገባችሁ?" ሲባል "አዎ" ይላል። በማግስቱ ሲጠየቅ ግን ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት ያስብ የነበረውን ይደግማል። ጥፋቱ የግድ የቪዲዮው አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ሆኖ የተሠራው ይበልጥ ያታልላል። ተራኪው አቀላጥፎ ሲናገርና ሥዕሉ ሲያምር ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ የቀለለው ግን ማየቱ ነው፣ መረዳቱ አይደለም።

ዴሪክ ሙለር በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት የፊዚክስ ቪዲዮዎችን በተለያየ መንገድ አዘጋጅቶ ለተማሪዎች አሳይቷል። አንዱ ዓይነት ትክክለኛውን ሐሳብ ብቻ ቀጥ አድርጎ ያስረዳል። ሌላው ተማሪዎች አዘውትረው የሚስቱትን ሐሳብ አስቀድሞ ያነሣና በውይይት ያፈርሰዋል። የመጀመሪያውን ያዩት ግልጽ እንደሆነላቸው ተናገሩ፤ ውጤታቸው ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ሁለተኛውን ያዩት ብዙ ማሰብ እንደጠየቃቸው ነው የተናገሩት፤ የተሻሻሉትም እነሱ ናቸው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 እነ ክራውችና ማዙር በሃርቫርድ በክፍል ውስጥ በሚታዩ የፊዚክስ ማሳያዎች ላይ ያወጡት ጥናትም ወደዚሁ ይጠቁማል። ማሳያውን ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት እምብዛም አልበለጡም። ከማየታቸው በፊት ውጤቱን የገመቱት ግን በግልጽ በለጡ። ለግምቱ የተጨመረው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነበር።

እንግዲህ የመምህሩ ዝግጅት መዞር ያለበት ቪዲዮው በሚቆምባቸው ቦታዎች ዙሪያ ነው። የትኛው ፕሮጀክተር፣ የትኛው ስፒከር የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ከዕቃው ይጀምሩና እዚያው ይቀራሉ።

የማቆሚያው ወረቀት

ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ዙር እንደ ተማሪ ዝም ብላችሁ፣ በሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ቪዲዮው የሚቆምበት ደቂቃና ሰከንድ፣ የምትጠይቁት ጥያቄ፣ ተማሪው ሊሰጥ የሚችለው የተሳሳተ መልስ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የጥያቄው ጥራት የሚፈተነው ግን እዚያ ላይ ነው፤ አንድ አሳማኝ ስሕተት መጻፍ ካቃታችሁ ያ ጥያቄ ቪዲዮ ለማስቆም አይበቃም።

ስለ ደም ዝውውር የተሠራ የ4 ደቂቃ አኒሜሽን እንውሰድ። ደሙ ከቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ሊወጣ ሲል ይቆማል፤ ጥያቄው "ከዚህ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?" ነው፤ የሚጠበቀው ስሕተት "ወደ መላ ሰውነት"። ቪዲዮው ሲቀጥል ደሙ ወደ ሳንባ ሲሄድ ያያሉ። ሁለተኛው ማቆሚያ ደሙ ከሳንባ ሲመለስ ነው፦ "ምን ተጨመረለት? ምን ተቀነሰለት?" እዚህ ላይ "ሰማያዊ የነበረው ቀይ ሆነ" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ስሕተቱን የፈጠረው ራሱ አኒሜሽኑ ነው፤ ኦክስጅን ያነሰበትን ደም በሰማያዊ መቀባት የሠዓሊዎች ልማድ ሲሆን እውነተኛው ደም ግን ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ቪዲዮው ይህን አይናገርም፤ መምህሩ አስቁሞ ካልተናገረው ተማሪው ሰማያዊ ደም ይዞ ይወጣል። ሦስተኛው ማቆሚያ የልቡ ግድግዳ በጉልህ በሚታይበት ቦታ ነው፦ "የግራው ግድግዳ ከቀኙ ለምን ወፈረ?" የተለመደው የተሳሳተ መልስ "ብዙ ደም ስለሚይዝ" ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚገፉት የደም መጠን እኩል ነው፤ ልዩነቱ የግራው እስከ እግር ጣት የሚያደርስ ግፊት መፍጠር ስላለበት ነው።

ሦስቱም ማቆሚያዎች የሚመጡት ውጤቱ ከመታየቱ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ውጤቱ ከታየ በኋላ ማስቆም የማስታወስ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ "ምን አያችሁ?" ከማለት አያልፍም። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቀድሞ ማቆም ጥያቄውን ወደ ግምት ይለውጠዋል። ግምቱ ደግሞ በቃል ብቻ ከቀረ ሁለት ሦስት ቀልጣፋ ተማሪዎች ይመልሱና ሌላው ይከተላቸዋል። ስለዚህ ሁሉም በየደብተሩ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ከዚያ እጅ በማውጣት ይቆጠር፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይስፈር። ቪዲዮው ሲቀጥል ሁሉም የራሱን ግምት ነው የሚከታተለው።

ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የክፍል ንግግሮችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየችው መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው፤ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ዝም የሚሉ ተማሪዎችም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ ክፍል ፊት ለፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ግን ረጅም ነው፤ በልብ መቁጠር ይረዳል።

ቪዲዮው ቆሞ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ከቀረ ዓይን ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጥያቄው ምስሉን የማይፈልግ ከሆነ ስክሪኑን አጥቁሩት። በፓወርፖይንት ስላይድ እያሳያችሁ ከሆነ የ"ቢ" ፊደል ቁልፍ ያጠቁረዋል፤ በአብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች ሪሞት ላይም ለዚሁ የተሠራ ቁልፍ አለ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የክፍሉን ትኩረት ወደ መምህሩና ወደ ደብተሩ ለመመለስ ከእሷ የሚሻል ግን አላውቅም።

ስንት ደቂቃ?

ብዙ ጊዜ "ቪዲዮ ከ6 ደቂቃ አይብለጥ" ሲባል ይሰማል። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ጓ፣ ኪምና ሩቢን በኢድኤክስ የኦንላይን ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን የማየት ክፍለ ጊዜዎችን መርምረው ካወጡት ጥናት ነው። የቪዲዮው ርዝመት ምንም ቢሆን መካከለኛው ተመልካች (ግማሹ ከእሱ ያነሰ፣ ግማሹ የበለጠ የሚቆይ) የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ ነበር። ይህ ግን ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ በፈለገ ጊዜ ትቶ መውጣት የሚችል ሰው ልማድ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪ ትቶ አይወጣም፤ ተቀምጦ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በእኔ እይታ ክፍል ውስጥ የሚለካው የቪዲዮው ጠቅላላ ርዝመት ሳይሆን በሁለት ማቆሚያዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። አዲስ ቃል፣ አዲስ ሥዕልና አዲስ ሂደት በአንድነት ለሚመጣበት ይዘት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ በቂ ነው። ታሪክን ለሚተርክ ወይም ቦታን ለሚያሳይ ሦስት ደቂቃ ይቻላል። በዚህ ስሌት የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ከነጥያቄውና ከነውይይቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበላል፤ ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አንድ ቪዲዮ ሙሉውን ስለጠቀመ ሳይሆን 70 ሰከንዱ ስለጠቀመ መምረጥ ነውር የለበትም። በፓወርፖይንት ያንኑ ቪዲዮ ሦስት ስላይድ ላይ አስገብቶ በእያንዳንዱ ላይ የሚፈለገውን ቁራጭ ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ በመካከላቸው የጥያቄ ስላይድ ይገባል፤ ማቆሚያውን በእጅ ማሳደድ ቀረ ማለት ነው። መቁረጡ ፋይሉን እንደማያሳንሰው ግን አስታውሱ፤ የተደበቀው ክፍል እዚያው ተቀምጧል።

ድምፁን መዝጋት

የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ባደረጓቸው ሙከራዎች ደጋግመው ያገኙት አንድ ነገር አለ፦ ሥዕል ከሚነገር ቃል ጋር ሲሆን ይያያዛል፤ ሥዕል፣ የሚነገር ቃልና ያው ቃል በጽሑፍ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ግን ጽሑፉ ሸክም ይሆናል። ዓይን ሥዕሉንና ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልምና። ስላይድ ላይ የጻፉትን ቃል በቃል እያነበቡ ማስተማር የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለየት የሚለው ቪዲዮው ተማሪው ገና በሚማረው ቋንቋ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ የግርጌ ጽሑፉ የሚነገረውን ለመለየት ይረዳል፤ አታጥፉት።

ቪዲዮው ተማሪው ፈጽሞ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ፣ ወይም ተራኪው ከተቸኮለ፣ ድምፁን ዘግታችሁ ራሳችሁ ተርኩ። ፍጥነቱ በእጃችሁ ይሆናል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቃላት ትጠቀማላችሁ። ከዚህም የተሻለ አለ፦ መጀመሪያ ያለ ድምፅ አሳዩ፣ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ትረካውን ይጻፉ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ የራሳቸውን ከዋናው ጋር ያመሳክሩ። ለቋንቋ ትምህርትም ለሳይንስም ይሆናል።

ሌላው ቪዲዮ የሚጎዳበት ቦታ የማያቋርጠው እንቅስቃሴ ነው። ትቨርስኪ፣ ሞሪሰንና ቤትራንኩር እ.ኤ.አ. በ2002 የቀደሙ ጥናቶችን ገምግመው አኒሜሽን ከቆመ ሥዕል ይበልጣል የሚለው እምነት ብዙም ማስረጃ እንደሌለው አሳይተዋል። የቆመ ሥዕልን ተማሪው ተመልሶ ያየዋል፣ ያወዳድረዋል፤ ተንቀሳቃሹ አልፎት ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአኒሜሽኑ አራት ወሳኝ ቅጽበቶችን ፎቶ አንሥታችሁ ቅደም ተከተላቸውን አዛብታችሁ በአንድ ገጽ አትሙ፤ ተማሪዎች ከማየታቸው በፊት ቅደም ተከተሉን ይገምቱ፣ ካዩ በኋላ ያስተካክሉ፣ በእያንዳንዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ማተሚያ ከሌለ አራቱን በግርድፉ ሰሌዳ ላይ መሣል ይበቃል።

ቪዲዮን ለመለኪያ

ቪዲዮ ከመጽሐፍም ከሰሌዳም የሚበልጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ጊዜን ቆርጦ ማሳየቱ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) የሚቀርጽ ስልክ እያንዳንዱን ሰከንድ 30 ቦታ ይከፍለዋል፤ ይህ በነጻ የተገኘ የጊዜ መለኪያ ነው።

ለነጻ ውድቀት ትምህርት እንዲህ ይደረጋል። አንድ ኳስ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ቅረጹ። ከጎኑ የ1 ሜትር ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይቁም። ስልኩ በሁለት ወይም ሦስት ሜትር ርቀት፣ በመውደቂያው መካከለኛ ከፍታ ላይ፣ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቀመጥ፤ በእጅ አይያዝ። ቪዲዮውን በነጭ ሰሌዳ ላይ በፕሮጀክተር ጣሉት። በቪኤልሲ ማጫወቻ የ"ኢ" ፊደልን ስትጫኑ አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። ኳሱ በተለቀቀበት ፍሬም ላይ አንድ ተማሪ መሃሉን በማርከር ነጥብ ያድርግ፤ አምስት ፍሬም ሂዱ፣ ሌላ ነጥብ፤ እንደገና አምስት፣ ሌላ ነጥብ፤ እስከ 15ኛው ፍሬም። ቪዲዮው ይጥፋ፤ ነጥቦቹ ሰሌዳው ላይ ይቀራሉ።

አሁን የሚለካ ነገር አለ። በምስሉ ላይ ያለው ማስመሪያ ሰሌዳው ላይ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ለክተው ነጥቦቹን ወደ እውነተኛ ርቀት ይመልሷቸዋል። በ5ኛው ፍሬም ወደ 13.6፣ በ10ኛው 54.4፣ በ15ኛው 122.5 ሴንቲሜትር አካባቢ መውጣት አለበት። ለመጀመሪያው ቁጥር ሲካፈሉ 1፣ 4፣ 9 ይሰጣሉ። ቀመሩን ቀድሞ ያልሰማ ክፍል የካሬ ቁጥሮቹን በራሱ ያገኛቸዋል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ማስመሪያው ከኳሱ ይልቅ ለስልኩ ከቀረበ ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ ርቀቶቹ ሁሉ ያንሳሉ፤ ሁለቱ በአንድ ርቀት ላይ ይሁኑ። ብርሃን ካነሰ ስልኩ እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍትና ኳሱ መስመር ሆኖ ይቀረጻል። 1.2 ሜትር የወደቀ ኳስ በሰከንድ ወደ 4.9 ሜትር ስለሚጓዝ ፍሬሙ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ሙሉ ከተከፈተ ጭራው 16 ሴንቲሜትር ይሆናል። ደጅ በፀሐይ ቅረጹ። ብዙ ስልኮች ደግሞ ፍሬሞቹን በእኩል ልዩነት አያነሡም፤ ብርሃን ሲያንስ ከ30 ወደ 24 ወይም 20 ይወርዳሉ። ውጤቱ ወጥ ካልሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ለማጣራት ከኳሱ ጋር የሚሮጥ የሰከንድ ሰዓት ቅረጹ። የተለቀቀበትን ፍሬም መለየትም ያስቸግራል፤ የአንድ ፍሬም ስሕተት የመጀመሪያውን ርቀት በጣም ያዛባል፣ የመጨረሻውን ግን ጥቂት ብቻ። ኮምፒውተር በበቂ ቁጥር ካለ ትራከር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ሁሉ በማውዝ ያሠራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ማርከሩና ሰሌዳው ይሻላሉ።

ምስሉ ለኋላው ወንበር

የምስሉ ስፋት የሚወሰነው ከፕሮጀክተሩ ሳጥን ላይ በተጻፈው "የመወርወሪያ ሬሾ"፣ ማለትም ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል በሚወጣው ቁጥር ነው። ሬሾው 1.5 ከሆነ በ3 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ይወጣል። በ16 ለ 9 ቅርጽ የዚህ ምስል ቁመት 1.125 ሜትር ነው። ጽሑፍ የሚነበብበት ክፍል ከሆነ የመጨረሻው ተማሪ ከምስሉ ቁመት 6 እጥፍ በላይ አይራቅ፤ እዚህ ላይ 6.75 ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ኋላ ያሉ ወንበሮች ወደፊት ይምጡ።

ምስሉን ማስፋት መፍትሔ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ብርሃኑ ግን ይሳሳል። 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በ2 ሜትር ስፋት ሲወድቅ በአንድ ካሬ ሜትር 1333 ሉመን ያህል ይደርሳል፤ ስፋቱን 3 ሜትር ስታደርጉት ወደ 590 ይወርዳል። በሌላ በኩል ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ግድግዳው ላይ 400 ያህል ቢጥል፣ የምስሉ ጥቁር ማለት ያው 400 ነው፤ ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን አይተፋምና። በ2 ሜትሩ ምስል ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 4 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ከሰሌዳው አጠገብ ያለውን መብራት ብቻ አጥፍታችሁ፣ ለሰሌዳው የቀረበውን መስኮት ብትጋርዱና ግድግዳው ላይ የሚወድቀው ወደ 100 ቢወርድ 14 እጥፍ ይደርሳል። ከተማሪው ራስ በላይ ያለው መብራት ይብራ፤ የማቆሚያው ሥራ መጻፍ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ አይጻፍም።

ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ሲጠብ ብዙ ሰው በሪሞቱ "ኪስቶን" ያስተካክላል። ቅርጹ ይስተካከላል፤ ፒክስሎቹ ግን ስለሚባክኑ ፊደል ይደበዝዛል። ፕሮጀክተሩን ራሱን በከፍታም በጎንም ወደ ምስሉ መሃል ማምጣት የተሻለ ነው።

ለስላይድ ጽሑፍ 24 ነጥብ መነሻ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል፤ "ሱ"ን ከ"ሲ" የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናትና። 32 ነጥብ አድርጉት፤ በስላይድ ላይ ከስድስት መስመር አይብለጥ። በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት መስመሩ ከተዘበራረቀ የተጠቀማችሁበት የፊደል ዓይነት (ፎንት) እዚያ አልተጫነም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ ከመነሻው ተጭኖ አይመጣም። ስላይዱን ስታስቀምጡ ፊደሉ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት፣ ወይም ቪዲዮ ከሌለው ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ይበቃል።

ድምፅ

የደበዘዘ ምስልን ተማሪ ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። የፕሮጀክተር የውስጥ ስፒከር ለክፍል አይበቃም፤ በዚያ ላይ ፕሮጀክተሩ መሃል ክፍል ከሆነ ድምፁ የሚመጣው ከተማሪው ጀርባ ነው። ሁለት ስፒከር በሰሌዳው ግራና ቀኝ፣ ከተቀመጠ ተማሪ ራስ ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋለኛው ረድፍ ዞሮ ይቀመጥ። መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር ፊተኛውን ረድፍ ያደነቁራል፣ ኋላ ያለው ግን ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ድምፁን ከመጨመር በፊት ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሱ፤ ባዶ ግድግዳና ጣሪያ ቤዙን ያስተጋባሉ፣ የቃላቱን ጥራት የሚያጠፋውም እሱ ነው።

በብሉቱዝ የሚሠራ ስፒከር ድምፁን ሊያዘገይ ይችላል፤ የተናጋሪው አፍ ከቃሉ ይቀድማል። ገመድ ተጠቀሙ። ከሌለ በቪኤልሲ "ጄ" እና "ኬ" ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊሰከንድ ደረጃ ወደፊትና ወደኋላ ይገፉታል።

ፋይሉና ገመዱ

በክፍል ሰዓት ከኢንተርኔት ላይ በቀጥታ ማጫወት ቁማር ነው። ባለቤቱ ማውረድ የፈቀደውን አስቀድማችሁ አውርዱ። የፋይሉን መጠን ማስላት ይቻላል፦ በሰከንድ የሚፈሰው ሜጋቢት በሰከንዶቹ ተባዝቶ ለ8 ይካፈላል። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሆነ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ 67.5 ሜጋባይት ይመጣል። ለክፍል 1280 በ720 ይበቃል። ቅርጹ ኤምፒ4፣ አጨማመቁ ኤች 264 ይሁን። ኤች 265 ፋይሉን ያሳንሳል፤ በቆየ ላፕቶፕ ላይ ግን ምስሉ ይንቀረፈፋል ወይም ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መለወጥ ይቻላል። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ "ቦታ የለም" የሚል ቢመስልም ቦታው አለ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና ሲቀመጥ "ዩቲኤፍ 8" የሚለውን ምረጡ። ስሙ ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ቪኤልሲ ራሱ ይጭነዋል። አሁንም ሳጥን ካሳየ የማጫወቻው የጽሑፍ ፊደል ግዕዝን አይደግፍም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ምረጡለት።

ምስል ካልመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ፕሮጀክተሩ ላይ የተመረጠው መግቢያ ገመዱ የተሰካበት መሆኑን፤ ቀጥሎ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ"ፒ" ጋር ተጭናችሁ "ዱፕሊኬት" መመረጡን፤ በመጨረሻ ገመዱን በሌላ መቀየር። ምስል መጥቶ ድምፅ ከጠፋ በኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ሄዷል ማለት ነው፤ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ መውጫውን ወደ ላፕቶፑ መልሱት። በቪጂኤ ገመድ ድምፅ ጨርሶ አይሄድም። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው እስኪቆም ከሶኬት አይነቀል፤ ሙቀቱ የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል።

ፕሮጀክተር ከሌለ

አንድ ስልክ ለሦስት ተማሪ ይበቃል፤ ለስድስት አይበቃም። የቡድን ሥራ የፕሮጀክተሩ ምትክ ብቻ አይደለም፤ ማቆሚያው በተማሪው እጅ ስለሚሆን አንዳንዴ ይበልጣል። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያስቆማል፣ አንዱ ይጽፋል፤ በየቪዲዮው ይቀያየራሉ። የማቆሚያውን ወረቀት ለቡድኑ ስጡ፤ ሦስተኛውን ዓምድ ግን ቆርጣችሁ አስቀሩ። ከቪዲዮ ይልቅ ተማሪው የሚነካካውን ማሳያ ከፈለጋችሁ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፌት ማሳያዎች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

በማግስቱ፣ ቪዲዮው ሳይከፈት፣ ከማቆሚያው ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ መርጣችሁ በባዶ ወረቀት አስመልሱ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማርክ አያስፈልገውም። መልሶቹን ከሦስተኛው ዓምድ ጋር አስተያዩ፤ የጠበቃችሁት ስሕተት አሁንም ካለ ማቆሚያው ዘግይቷል፣ ያልጠበቃችሁት አዲስ ስሕተት ከመጣ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጨምሩት፤ ለሚቀጥለው ክፍል በዚያው ቪዲዮ ላይ ማቆሚያው ከዚያ ይጀምራል።